መኪና የማታስቆም ሴት

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ሰው ይስቃል። እኔ ደሜ ይፈላል። ያደግኩት መቱ ነው። የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ውሎ የማይደርቅበት፣ የጭቃ ግድግዳ በክረምት አረንጓዴ የሚያወጣበት፣ ጃንጥላ ረስቶ የወጣ ሰው «ምን ነካህ?» የሚባልበት አገር ነው። በዚህ አገር ነው እናቴ ሰውነቷ በውሃ እጦት ደርቆ ልትሞትብኝ የነበረው። በረሃ አልሄደችም፤ ወንዝም አልነጠፈባትም። እቤታችን ውሃ በጀሪካን ሞልቶ ተቀምጧል። እንዳትጠጣ ያደረግናት እኛ ነን። እኔም አለሁበት።

እናቴ ሳልባጅ ነጋዴ ናት። ከጉራጌ አገር ከታላቅ እህቷ ጋር ስትመጣ ገና ልጅ ነበረች። አባቴ ከሞተ በኋላ ቦንዳ እየፈታች፣ ሸሚዙን ከሱሪው፣ የልጁን ካዋቂው እየለየች፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቃ፣ አንዱን ቀን ኖፓ፣ ሌላውን ቀን ዳሪሙ፣ ቅዳሜን ደግሞ እዚሁ መቱ እየዞረች ሸጣ አሳደገችኝ። ገበያ ላይ ኦሮምኛዋ ካማርኛዋ ይፈጥናል፤ ስትቆጣ ብቻ ወደ ጉራጊኛዋ ትመለሳለች። ጠንካራ ሴት ናት። ይቺ «ጠንካራ» የምትባል ቃል ናት ያቃጠለችኝ።

የገበያ መኪናው አይሱዙ ነው። ጭነቱ ከታች፣ ሰው ከጭነቱ ላይ። ወንዶቹ ሲፈልጉ የጋቢናውን ጣሪያ በመዳፋቸው ይደበድባሉ፤ መኪናው ይቆማል፤ ዘለው ይወርዱና ያገኙት ግንድ ሥር ቆመው፣ እያወሩ፣ እየተሳሳቁ ሸንተው ይመለሳሉ። ሴት ግን መኪና አታስቆምም። ሕግ ሆኖ የትም አልተጻፈም፤ አስቁማ የተቀጣችም የለችም። ዝም ብሎ የታወቀ ነገር ነው። ገበያውም ቢሆን ያው ነው። ወንዱ ግድግዳው ሁሉ የእሱ ነው፤ ለሴት የሚሆን አንድ ጥግ እንኳ የለም። ጎህ ሲቀድ የወጣች ሴት እስኪመሽ ድረስ የምትገባበት ስለሌላት መላውን አስቀድማ ታበጃለች። እናቴ ከገበያው ዋዜማ ማታ ጀምሮ ውሃ አትቀምስም። ጠዋት ደረቅ ዳቦ ትበላለች፤ ቀኑን ሙሉ ከረሜላ በጉንጯ ይዛ ትውላለች። እኔንም ለትምህርት ቤት ያስተማረችኝ ይህንኑ ነው። «ጠዋት የጠጣሽው ውሃ ቀኑን ሙሉ ጠላትሽ ነው» ትለኝ ነበር።

ሹፌሩ ደግሞ ያመሰግናታል። «እሷን የመሰለ ተሳፋሪ የት ይገኛል፤ አንድ ቀን አቁም ብላኝ አታውቅም» ይላል፣ ሰው ባለበት። እናቴ መሬት መሬት እያየች ፈገግ ትላለች። እኔም፣ ወይ ነዶ፣ ኮርቼባት ነበር። እናቴ በኩላሊቷ ዋጋ ስትሞገስ ቆሜ አጨበጨብኩ ማለት ነው።

ሕመሙ የጀመረው እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከገበያ ስትመለስ ራሷን ይፈልጣታል። «ምች ነው» ተባለ፤ አክስቴ ዳማ ከሴ ጨምቃ አፍንጫዋ ሥር ቀባቻት። ከተቀመጠችበት ስትነሳ ዓይኗ ይጨልምና ግድግዳ ትይዛለች። «ደም ማነስ ነው፤ ጥሬ ሥጋ ያስፈልጋታል» ተባለ። ከንፈሯ ይሰነጠቃል፤ ቫዝሊን ትቀባለች። ሽንቷ እንደሚያቃጥላት፣ ጎኗን ቀስፎ እንደሚይዛት ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ማን አስደበቃት? በአደባባይ ሽንት የሚለውን ቃል ከአፏ ያወጣች ሴት ባለጌ የምትባልበት አገር እኮ ነው። በዚያው አደባባይ ግድግዳ ሥር ቆሞ የሚሸናው ግን ጋሼ ይባላል።

አንድ ቀን አክስቴ በጠዋት መጥታ የእናቴን የሌሊት ሽንት ፖፖ ውስጥ አየችው። እናቴ የዳሪሙ ገበያ ውላ፣ በማግስቱ ኖፓ ደርሳ፣ ደክሟት ነበር የተኛችው። ሽንቱ ጥቂት ነው፤ መልኩም የፈላ ሻይ ቅጠል። አክስቴ ደረቷን ደቃች። የእናቴን የዓይን ቆብ ገልባ አየችና «ቢጫ ነው። የወፍ በሽታ ነው የያዛት» አለች። እኔ ደግሜ ባይ ቢጫ አልታየኝም፤ ግን ያስጨነቃት ነገር እኔንም አስጨነቀኝ። አክስቴ የእናትነትም የአባትነትም ድርሻ ያላት ትልቅ ሴት ናት። እሷ ቢጫ ነው ካለች ቢጫ ነው።

የወፍ በሽታ በኛ አገር ለሐኪም አይሰጥም። «መርፌ ካገኘው ይገድላል» ይባላል። መድኃኒቱ ከዳሪሙ በኩል ካሉ አንድ አዋቂ ሰውዬ ዘንድ ነበር፤ አክስቴ በገበያተኛ ልካ በሁለተኛው ቀን አስመጣችው። በቆርቆሮ ጣሳ የመጣ፣ ሥር ተቀጥቅጦ የተዘፈዘፈበት፣ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ነው። ሥራው ከላይም ከታችም ማስወጣት ነው። ቢጫው በትውከትና በተቅማጥ ተጠርጎ ይወጣል፤ ሰውየው ይድናል። ትእዛዙ አንዲት ብቻ ናት፤ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ድረስ ውሃ የሚባል ነገር በአፏ እንዳይዞር። አክስቴ ወደኔ ዞራ «ውሃ ከቀመሰች መድኃኒቱ ይረክሳል፤ ከረከሰ ደግሞ በሽታው እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። አንቺ ጠብቂያት» አለችኝ።

ጠበቅኳት። ጀሪካኑን ከጓዳ አውጥቼ ከጎረቤት አጥር ሥር ደበቅኩት። ማንቆርቆሪያውን አልጋ ሥር ከተትኩ። የውሃ ሽታ እንኳ እንዳይደርሳት አደረግኩ፤ እንዲህ ያለች ጎበዝ ልጅ ነበርኩ።

እናቴ መድኃኒቱን በጠዋቱ ጠጣችው። ሰዓት ሳይሞላ ማስመለስ ጀመረች። ከዚያ ተቅማጡ መጣ። አክስቴ «እሰይ፣ እየሠራ ነው» አለች። አራት ሰዓት ላይ እናቴ ውሃ ጠየቀችኝ። «ትንሽ ታገሺ» አልኳት። ስድስት ሰዓት ላይ እንደገና ጠየቀችኝ፤ በዚህኛው «ልጄ፣ አፌን ላርጥብበት፣ አልውጠውም» አለች። አልሰጠኋትም። ዓይኗ ጎድጉዶ ነበር። ምላሷ ከላንቃዋ ሲላቀቅ ድምፁ ይሰማኛል። እኔ ግን ከእንባዬ ጋር እየታገልኩ መድኃኒት አስከብራለሁ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የመቱ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይሰማማም። እናቴ ከመደቡ ላይ ተንፏቃ ወረደች፤ በሩ ጋ ደረሰች፤ ከጣሪያው ጠርዝ ወደሚወርደው ፈሳሽ እጇን ዘረጋች። መዳፏ ሞላ። ወደ አፏ ልታደርሰው ስትል የእጇን አንጓ ይዤ ደፋሁባት።

ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰማይ የሰጣትን ውሃ ከእናቴ መዳፍ የደፋሁት እኔ ነኝ።  አክስቴን እራገማለሁ፤ መድኃኒት አዋቂውን እራገማለሁ፤ ግን እጇን የያዘው እጅ የኔ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መቀባዠር ጀመረች። በሞተው አባቴ ስም ትጠራኛለች፤ ከረጢት አውርድ ትለኛለች። ከዚያ ያንንም ተወች። አክስቴ አሁን ዳዊት የሚደግምላት ሰው ልትጠራ ወጥታለች። ያዳነችን ጎረቤታችን መጣች። እሷ ኦሮሞ ናት፤ ፕሮቴስታንት ናት፤ ለወትሮው ከአክስቴ ጋር በአጥርም በሃይማኖትም አይዋደዱም። አጥሯ ሥር የማታውቀው ጀሪካን አግኝታ ልትጠይቅ ነው የመጣችው። እናቴን አየቻት፤ የእጇን ጀርባ ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ፤ አልተመለሰም።

«ምንድን ነው ያጠጣችኋት?» አለችኝ። ነገርኳት። «ውሃስ?» አለች።  አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ፤ ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ አለ። ከዚያ «ቢሻን ፊዲ» አለችኝ፤ ውሃ አምጪ ማለቷ ነው። ከቤቷ ኦአርኤስ አምጥታ በጥብጣ በማንኪያ ጠብ ጠብ ማድረግ ጀመረች። የራሷን ሕፃን በተቅማጥ ልታጣ ስትል ጤና ጣቢያ ያስተማሯት ነው። «መድኃኒቱ ይረክሳል» አልኳት፤ አዎ፣ ያን ጊዜም ብያለሁ። «ይርከስ» አለች፣ ማንኪያዋን ሳታቆም። ባጃጅ ጠርተን ሆስፒታል ወሰድናት።

ሆስፒታል በሁለቱም እጇ ግሉኮስ ተሰካላት። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፤ ደጋግሞ «ሽንት ወጣ?» ይላል። አልወጣም። እስከ ማግስቱ ጠዋት አልወጣም። ሦስቱም ሴቶች፣ ኋላ የደረሰችው አክስቴ፣ ጎረቤታችንና እኔ፣ የአንዲት ሴት ሽንት ጠብታ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ እስኪታይ ድረስ ተቀምጠን ጠበቅን። ስትደብቀው የኖረችው ነገር አሁን ዋርዱ በሙሉ የሚጠይቀው ወሬ ሆነ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጥቂት፣ ቡናማ የሆነ ነገር ወረደ። አክስቴ ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

የወፍ በሽታ አልነበረባትም። ሐኪሙ ደሟን አስመርምሮ፣ ጉበቷ ደህና መሆኑን ነገረን። ሽንት እንዲያ ሲጠቁር ሰውነት ውሃ አጣሁ እያለ ነው አለን። ውሃ ሲያንስ ደም ይወፍራል፤ ኩላሊት የሚያጥበው ደም አያገኝም፤ ራስ ምታቱም፣ ማዞሩም፣ ማቃጠሉም ከዚያ የመጣ ነው። ጎኗን ቀስፎ የያዛት ጠጠር ነው፤ በብዙ ዓመት ጥም የተከማቸ። በዚያ ደረቅ ሰውነት ላይ እኛ ሌላ አንድ ቀን ሙሉ ስናስመልሳትና ስናስቀምጣት ዋልን። ከጉድጓድ አፋፍ ላይ የነበረችውን ገፈተርናት ማለት ነው።

ሊያስወጣን ሲል አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «እናቴ፣ በቀን ምን ያህል ውሃ ይጠጣሉ?» አላት።

«እጠጣለሁ» አለች።

«ገበያ በሚውሉበት ቀንስ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ኩላሊትዎ በዚህኛው ተርፏል፤ ግን ተጎድቷል» አለ ሐኪሙ። «ሁለተኛ እንደዚህ ከደረቁ አይመለስም። ገበያ ይዋሉ፣ መንገድ ይዋሉ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ይጠጡ።»

«ሽንት ቤት የለም» አልኩት እኔ።

«ቢሆንም መጠጣት አለባቸው» አለ።

«የት ትሽናው?»

 ካርዱ ላይ የሆነ ነገር ጽፎ ሄደ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ነፍሷን አትርፎልኛል። ግን ያቺ «ቢሆንም» አንጀቴን አሳረረችው። ሴት ሐኪም ፊት ሆና የምትሰማው ምክር ሁሉ «ቢሆንም» አለበት።

በወሩ ወደ ገበያ ተመለሰች። ምን ትብላ ታዲያ? እኔ ደግሞ የማመለክትበት ቢሮ ፈልጌ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሌሎቹም ቢሆኑ ከዚያ አይሻሉም። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ያስቀመጠ ሰውዬ አነጋገረኝ። ለገበያው የሴቶች ሽንት ቤት እንዲሠራ አልኩት። ሳቅ ቢጤ አደረገና «እህቴ፣ እስከ ዛሬ አንድም ሴት መጥታ እዚህ ሽንት ቤት ብላ ጠይቃን አታውቅም፤ ችግር ቢሆን ኖሮ ይጠይቁን ነበር» አለኝ። እርር ድብን ብዬ ወጣሁ። የሚያናድደው ውሸቱን አልነበረም። ማንም ጠይቆ አያውቅም።

እቤት እናቴ ትጠጣለች። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ግን ያው ናት። እለምናታለሁ፤ «እሺ» ትላለች። ማታ ከገበያ ስትመለስ ከረጢቷ ውስጥ የከተትኩላት ጠርሙስ ክዳኑ ሳይነካ ይመለሳል። የሽንቷ መልክ ቀን በቀን ሲጠቁር አየዋለሁ፤ አሁን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሐኪሙ «አይመለስም» ያለው ነገር በዓይኔ ፊት እየሄደብኝ ነው፤ እናቴ ግን ሰው ምን ይለኛል ትላለች።

ትምህርት ቤት ለእረፍት ሲዘጋ ከእሷ ጋር ዳሪሙ ወጣሁ። የሁለት ሊትር ጠርሙስ ሞልቼ በእጄ ያዝኩ። ጭነቱ ላይ ዘጠኝ ሴቶችና አራት አምስት ወንዶች ነበርን። ሴቶቹ ሁሉ በጉንጫቸው የሆነ ነገር ይዘዋል፤ ከረሜላ፣ የዝንጅብል ቁራጭ፣ አንዷማ የቡና ፍሬ። ወንዶቹ ገና ከከተማ ሳንርቅ አንድ ጊዜ አስቁመው ወርደው ተመልሰዋል።

«እማ፣ ጠጪ» አልኳት።

«ስንደርስ» አለች።

«ስንደርስማ አትጠጪም።»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።»

ይቺን ስትለኝ የሆነ ነገር ተበጠሰብኝ። «ይስማ» አልኩ፤ ድምፄ የራሴን ጆሮ አስደነገጠው። «ይስማ ሁሉም። ይቺ ሴት ኩላሊቷ ሊሞት ነው። ሽንቴ መጣ ማለት አፍራ ልትሞት ነው። ሐኪሙ ነግሯታል፣ ታውቃለች፣ ግን እናንተን ላለማስቆም ብላ ትሞታለች። ስትቀበር ጥሩ ተሳፋሪ ነበረች በሉላት።»

 እናቴ እጇን አንስታብኝ አታውቅም፤ ያን ቀን የምታነሳ መሰለኝ። ፊቷ በአንድ ጊዜ ቀላ። ጠርሙሱን ከእጄ መንጭቃ ከፈተችውና ጠጣች። እያየችኝ ጠጣች። ውሃው በአገጯ ወርዶ ነጠላዋን አራሰው፤ አላቆመችም። እስኪጋመስ ጠጥታ «ይኸው፣ ደስ ይበልሽ» ብላ ወረወረችልኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ በጉራጊኛ ስታጉረመርም ቆየች።

መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ግራና ቀኙ ቡና። ግማሽ ሰዓት ያህል ሄድን። ስትቁነጠነጥ አያታለሁ። ከንፈሯን ነክሳ ቆየች። ከዚያ ብድግ አለችና የጋቢናውን ጣሪያ በመዳፏ ሦስት ጊዜ መታችው።

መኪናው ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣና «ምን ወደቀ?» አለ።

«ምንም አልወደቀም» አለች እናቴ። «ሽንቴን ልሸና ነው።»

ከወንዶቹ አንዱ ጉሮሮውን አጠራ። «ኧረ እትዬ፣ ዳሪሙ እኮ ደረስን» አላት።

«አንተ ይህን ሁሉ ዓመት ግንድ ስታጠጣ ዝም ብዬሃለሁ» አለችው። «አንተም ዝም በለኝ።»

ጎማውን ረግጣ ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት። ከቡናው ሥር ገባን፤ ነጠላዋን ዘርግቼ ከለልኳት። ከኋላዬ መሬቱን የሚመታ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል ከሴቶቹ አንዷ፣ ቅቤ ነጋዴ፣ ወርዳለች። ምንም ሳትለኝ አልፋኝ ወደ ቡናው ገባች። ከእሷ ኋላ ሌላ። ከዚያ ሁለት አንድ ላይ። ቆሜ አየኋቸው፤ ከጭነቱ ላይ ሴት አልቀረም፤ ወንዶቹ ብቻ በከረጢት መሐል ተቀምጠው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

መጨረሻ የወረዱት ዝንጅብል የሚሸጡ አሮጊት ናቸው። እናቴ ተመልሳ ደግፋ አወረደቻቸው። ቡናው ሥር ደርሰው፣ ግራና ቀኝ የተቀመጡትን ሴቶች ሁሉ በየተራ አዩ። 

«እኔ እኮ እናንተ የማይመጣችሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። «የኔ ብቻ ሕመም መስሎኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። «እትዬ፣ በዚህ መንገድ ስንት ዓመትዎ ነው?» አልኳቸው።

«እናትሽ ሳታገባ ጀምሮ» አሉኝና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቀስ ብለው ቁጢጥ አሉ።

ሹፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። ማናችንም አልተነሳንም።